የአብተው ጀርባ

ለሌጦ የሚስማማው ብርሃን ከሰሜን በኩል የሚገባው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጠባዩን አይለውጥም፤ አያብለጨልጭም፣ ጥላ አያበዛም፣ ቆዳው ላይ ያለውን እንዳለ ያሳያል። አብተው አሥራ አንድ ዓመት የሠራው እንዲህ ባለ መስኮት ሥር ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር በተሠራ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ፣ በቆርቆሮ በተለበጠ ረጅም ጠረጴዛ ፊት፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦት ጫማ ተጫምቶና የላስቲክ ሽርጥ አገልድሞ። ከበስተግራው በጨውና በአሲድ ተዘፍዝፎ የነጣ የበግ ሌጦ ተከምሮ ይቀርብለታል። አንዱን ያነሳል፣ ፀጉር የነበረበትን ወገን ወደ ላይ አድርጎ ይዘረጋል፣ በመዳፉ ከአንገት ወደ ጅራት ይዳብሳል፣ ጎኑን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያጥፍና እጥፋቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። ከዚያ እርጥበት ሲነካው ሐምራዊ የሚሆነውን እርሳሱን በምላሱ ጫፍ አርሶ ቁጥር ይጽፍበታል።

ቁጥሩ ከአንድ እስከ አምስት ነው። አንድ ማለት እንከን የለሽ ነው፤ አምስት ማለት እሾህ የጫረው፣ መዥገር የበሳው፣ እከክ ያረፈበት ነው። ከዚያም የከፋው ቁጥር አይጻፍበትም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ሰረዝ ይሰመርበትና ጥግ ይጣላል። አንደኛው በዚያው ቀን ተጭኖ ይወሰዳል። ሰረዝ ያለበት ግን በተጣለበት ይከርማል፣ ማንም አይነካውም።

በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት፣ አብተው መጸዳጃ ቤት ገብቶ አንዲት ነጭ ኪኒን ይውጣል። ይህን የሚያውቁት ሚስቱ እማዋይሽና በጤና ጣቢያ ክትትሉን የያዘችለት ሲስተር ዘርትሁን ብቻ ናቸው። ፋብሪካው በገባ በሦስተኛው ወር ቤቱ ውስጥ ወድቆ፣ ተንፈራግጦ፣ ምላሱን ነክሶ ነበር። የሚጥል በሽታ መሆኑ ተነገረው፤ ኪኒኑ ታዘዘለት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልወደቀም፣ አንድም ቀን ኪኒኑን አላቋረጠም። ከጠረጴዛው አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቤት የሚያካክሉ የእንጨት በርሜሎች ሌጦውንና ኖራውን በሆዳቸው ይዘው ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራሉ፤ በዞሩ ቁጥር ውስጣቸው ያለው እርጥብ ክብደት ከላይ ወደ ታች ዱብ ይላል፣ ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ዱብ ይላል፣ ልክ አንድ ሰው እንቅልፍ አጥቶ በአልጋው ላይ እንደሚገላበጥ። እዚያ አጠገብ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው ምን እንደሚሆን አብተው ማሰብ አይወድም ነበር።

ኪኒኑን ከጀመረበት ዓመት አንስቶ ሆዱና ጀርባው ላይ ቀላል ሽፍታ ነበረበት። እጅ ሲያልፍበት እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ በሙቀት ይቀላል፣ በብርድ ይደበዝዛል። በፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ነገር አለበት፤ ኖራ የላጠው፣ አሲድ የነካው፣ ማሽን የጫረው። ስለዚህ አብተው ሽፍታውን ከመድኃኒቱ ጋር አያይዞት አያውቅም ነበር።

በዚህ ዓመት ግን ጥቅምት ሲገባ ሽፍታው ከልኩ አለፈ። መጀመሪያ ከእምብርቱ ግራ ሦስት ጣት የሚሰፋ ቀይ መደብ ወጣ። ከአራት ቀን በኋላ መደቡ ወደ ጎኑ ዞረ። አብተው ሌላ ሰው እንደሚያደርገው አላከከውም፤ የልብስ ስፌት ሜትር አውጥቶ ለካው። ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ የጉብታዎቹን ብዛት፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያሳክክ በደብተር መዘገበ። የበግ እከክ ከአንገት ጀምሮ ወደ ጎን ይበተናል፤ የመዥገር ቀዳዳ በብብትና በጭን መካከል ይሰበሰባል፤ ይህ ግን ከሁለቱም አይደለም። ከውስጥ የመጣ ነው ብሎ ጻፈ።

ጀርባውን ማየት አይችልም። እርሱን የምታይለት እማዋይሽ ነበረች። ያገባት ከሰባት ዓመት በፊት፣ የፋብሪካው ክበብ ውስጥ ስትሠራ ተዋውቀው ነው፤ እርጋታዋን ወዶ። ሲመሽ ከመብራት ይልቅ የቀኑ ብርሃን ይሻላል ትልና ፀሐይ ሳትጠልቅ በርጩማውን በሩ አጠገብ ታስቀምጥለታለች፤ ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ይሰጣታል። ቫዝሊን እየቀባች አንድ በአንድ ትነግረዋለች፤ ትከሻው ላይ ይህን ያህል፣ ወገቡ ላይ ይህን ያህል። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አትሰለችም። ሌላ ሴት ብትሆን ትጸየፈኝ ነበር እያለ በልቡ ያመሰግናታል።

መድኃኒቱን እንዲጠረጥር ያደረገችውም እርሷ ናት። «በሬድዮ ሰማሁ» አለችው አንድ ቀን እጇን ከጀርባው ሳታነሳ። «ለዓመታት የሚዋጥ መድኃኒት ከጊዜ በኋላ ቆዳ ያበላሻል አሉ። አንተ በከንቱ እየተበላሸህ ነው አብተው። ለምን አያስለውጡልህም?»

ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ነሣው። ኪኒኑን ከመዋጡ በፊት መዳፉ ላይ አስቀምጦ ያየው ጀመር። ቢያቋርጠው ይወድቃል። ባያቋርጠው ሽፍታው ወደ አንገቱና ወደ እጁ መውጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሌጦ በሽታ ይዞታል ተብሎ ከጠረጴዛው ይነሳል። በሌሊትም በቀንም የሚያስበው ይህን ብቻ ሆነ፤ ከቆዳውና ከኪኒኑ አንዱን ማዳን።

ጥቅምት ሃያ አካባቢ፣ ለምሳ እረፍት ሊታጠብ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ ከናቴራውን ሲያወልቅ፣ ከውስጥ በኩል፣ ወገቡ በሚያርፍበት ቦታ ሐምራዊ ነገር አየ። ላብ ያሰራጨው ቀለም ነበር። የተገለበጠ ቅርጽ ነው። ከናቴራውን ወደ መስኮቱ አንስቶ ከውጭ በኩል ሲያየው ቀና። አምስት ቁጥር ነው።

መጀመሪያ የመጣለት ጉደታ ነው። ጉደታ ከጠረጴዛው ማዶ የሚቆም ሌላው ደረጃ መዳቢ ሲሆን እድሜውም እንደ እርሱ ሃምሳን የዘለለ፣ ነገር ሁሉ ለቀልድ የሚመቸው ሰው ነበር። የሰው ኮፍያ ውስጥ ጨው ይሞላል፤ የተኛ ሰው ጫማ ያስራል። ሽፍታዬን አይቶ ደረጃ ሰጥቶኛል ማለት ነው ብሎ አብተው ተናደደ፤ ግን ምንም አልተናገረም። መናገር ሽፍታውን ማመን ነው። በምትኩ ልብሱን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ መቀየር ጀመረ።

በማግሥቱ ማታ እማዋይሽ ጀርባውን በሳሙና ፈትጋ እንድታጥበው ጠየቃት፤ ምን አለበት አላት። ከሽፍታው በቀር ምንም የለም አለች። ጠዋት አዲስ ከናቴራ ለበሰ። ፋብሪካው ውስጥ አላወለቀውም። ከጠረጴዛው አልራቀም፣ ማንም ከኋላው እንዲያልፍ አልፈቀደም፣ ጉደታን አንድ ጊዜ እንኳ ከዓይኑ አላጠፋውም። በስድስት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ከናቴራውን አወለቀው። አምስት ቁጥሩ የለም። በቦታው ከአንገት እስከ ወገብ የሚወርድ አንድ ረጅም ሐምራዊ ሰረዝ አለ።

እዚያው ቆሞ ሰረዙን ለረጅም ጊዜ አየው። በርሜሎቹ ግድግዳውን አልፈው ይሰማሉ፤ ዱብ፣ ዝምታ፣ ዱብ። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው የኖራው ጠረን በበሩ ሥር እየገባ ነበር። ከፍርሃት በፊት የተሰማው ውርደት ነው። ሰረዙ ቀጥ ያለ ነበር፣ ሳይንቀጠቀጥ በአንድ እጅ የተሰመረ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው። ደብተሩ ላይ ያን ቀን አጠገቡ የደረሱትን ሰዎች ስም ጻፈ። አራት ናቸው፤ አራቱም የፋብሪካው ሠራተኞች። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጨመረበት፤ አይቻልም፣ ግን ሆኗል።

በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ዘርትሁን ሽፍታውን ከመነጽሯ በላይ አየችው፤ ደብተሩን ስታይ ደግሞ ሳቀች፤ እንደ እርስዎ ያለ በሽተኛ ቢበዛልን እኛ ቤታችን እንቀመጥ ነበር አለችው። ሐኪሙም አየው። እንዲህ ያለ ሽፍታ ከቆየ መድኃኒት ሊመጣ እንደሚችል፣ ግን ኪኒኑን በአንድ ቀን ማቆም አደገኛ እንደሆነ አስረዳው። አሮጌው በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ፣ አዲሱ እየጨመረ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ ይለወጣል ተባለ። እማዋይሽ ስትሰማ ደስታዋን አልደበቀችም፤ አምስቱን ሳምንት ወረቀት ላይ አሰመረችና ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

ማዕረጉ የሚባለው ኤሌክትሪሺያን ፋብሪካውን የለቀቀው ከነዚህ ሳምንታት በሁለተኛው ነው። ከመጣ ሁለት ወር አይሞላውም ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነው፣ በራሱ የሚመካ ሰው ነው፤ በብርድም ቢሆን እጅጌ አይለብስም፤ ሻወር ቤት ሲገባ ሰውነቱ እንደተወለወለ ጠረጴዛ ያበራል። ሴቶቹ ምን ትቀባለህ እያሉ ይተርቡት ነበር። አንድ ሰኞ ቀረ። ሐዋሳ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ነው ተባለ። አብተው ግን ልብስ መቀየሪያው አግዳሚ ሥር ጥቁር ቆዳ ጫማውን አየ፤ ካልሲዎቹ ውስጡ ተጠቅልለው ገብተው ነበር። ሐዋሳ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው አለ ወይ ብሎ ጉደታን ጠየቀው። ጉደታ ቀልድ አላወጣም። ጫማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከአግዳሚው በስተኋላ ደበቀው።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከክምሩ መካከል አንድ ለየት ያለ ሌጦ ወጣ። አብተው እጁ እንደነካው አወቀ። የበግ አይደለም፣ የፍየልም አይደለም። ዳርና ዳሩ ተስተካክሎ ስለተቆረጠ እግርና አንገቱ የት እንደነበር አይታወቅም። የፀጉሩ ቀዳዳ በጣም ጥቃቅን ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጨርሶ የለም። ከእናቱ ሆድ የወጣ እንቦሳ ይሆናል ብሎ ገመተ፤ አንዳንዴ እንዲህ ዓይነት ይቀላቀላል። በመዳፉ ዳበሰው፣ ቆነጠጠው፣ ለቀቀው። እጥፋቱ ወዲያው ተመለሰ። እንዲህ ያለ ቆዳ በዓመት አንድ ጊዜም አያጋጥምም። ከላይ በአንዱ ጥግ ብቻ ክብ፣ ጎድጎድ ያለ የዳነ ጠባሳ አለ፤ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የዳነና ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ ጠባሳ እንከን ተብሎ አይቆጠርም። እርሳሱን አረሰ፤ አንድ ብሎ ጻፈ። ቀና ሲል ጉደታ ከማዶ እያየው ነበር፤ ዓይን ለዓይን እንደተገናኙ አንገቱን ደፋ።

አዲሱ ኪኒን እየሠራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የሆዱ መደብ ደበዘዘ፤ በአራተኛው ከጎኑ ለቀቀ። አብተው አንድም ጊዜ አልወደቀም፤ ራሱን እንኳ አላዞረውም። ደብተሩ ላይ በየቀኑ የሚጽፈው ቁጥር እያነሰ ሄደ። ከናቴራው ላይ የሚያገኘው ቁጥርም እያነሰ ነበር። ሰረዙ ጠፍቶ አራት መጣ። ከሳምንት በኋላ ሦስት። አሁን እየፈራም ቢሆን የሚያደርገውን ከማድረግ አልተቆጠበም፤ ከናቴራዎቹን ቀን ጽፎባቸው ሳያጥብ በፌስታል አስቀመጠ። ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው። የጉደታ ሦስት ቁጥር ጅራቱ ይረዝማል፤ የዚህኛው አይረዝምም። የራሱም አይደለም። ፋብሪካው ውስጥ በእርሳስ የሚጽፉትን ሰዎች ጽሕፈት ሁሉ በየሰበቡ ሰብስቦ አመሳከረ። የማንም አይደለም።

በመጨረሻ ጉደታን ለብቻው አገኘውና ከናቴራዎቹን አሳየው። ይስቃል ብሎ ጠብቆ ነበር። ጉደታ ከናቴራዎቹን አልነካቸውም፤ የአብተውን እጅ ያዘና እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰበሰበው። ገልብጦ አየው።

«ጠርተሃል» አለው። እንደ ሐዘን ያለ ነገር ነበረበት።

አዲስ መድኃኒት መሆኑን አብተው ነገረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚጥለው በሽታም አብሮ ነገረው። ጉደታን በሽታው አላስገረመውም። የራሱን እጅጌ ሰበሰበ። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ድረስ ነጭና ቡናማ ጠባሳ ተደራርቦበታል፤ አንዳንዱ የቆየ፣ አንዱ ገና ቅርፊት የያዘ። አብተው ይህን ክንድ አሥራ አንድ ዓመት ሲያየው ኖሯል። ጠባሳዎቹ ግን እኩል እኩል እየተራራቁ የተቀመጡ መሆናቸውን ያየው ያን ጊዜ ነው።

«እኔ በወር አንድ ቀን ጓንቴን እረሳለሁ» አለ ጉደታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሆን ብሎ አይደለም ትል ይሆናል፤ ሆን ብዬ ነው። አንተም መርሳት ጀምር።»

ማን ነው የሚጽፈው ሲለው ጉደታ ዙሪያውን አየ። «አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም። እዚህ ጡረታ የሚወጣው የማያውቅ ሰው ነው።» ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት አጠገቡ አልተቀመጠም።

አብተው ሁለት ቀን ሥራውን እየሠራ ሰዎቹን አነበበ። የበርሜሎቹ ኃላፊ አንገቱን ኖራ ልጦታል። መጋዘን ጠባቂው ፊቱ ፈንጣጣ የበሳው ነው። ጨው የምትበትነዋ ሴትዮ ሁለቱ ክንዶቿ በዘይት ተቃጥለዋል። ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ፣ ቆዳው ንጹሕ የሆነ አንድ ሰው እንኳ አላገኘም። በአእምሮው ወደ ኋላ ሄዶ ንጹሖቹን አስታወሰ፤ ሳይሰናበቱ የሄዱትን፤ ዐረብ አገር ሄደች የተባለችውን፣ አገሩ ገባ የተባለውን፣ ሐዋሳ ሥራ አገኘ የተባለውን። ያን ማታ ቤቱ ገብቶ እማዋይሽ ገበያ ስለሄደች በመስታወት ፊት ቆመና ሸሚዙን አወለቀ። ሆዱ ጠርቷል። ደረቱ ጠርቷል። ወደ ጎን ዞሮ ክንዱን ሲያይ ክብ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ጠባሳ አየ። በልጅነቱ የተከተበው ክትባት ነው። እንዲህ ያለ ጠባሳ ማን የሌለው አለ። ጣቱን በላዩ ላይ አደረገ፤ የጠርዙን ጥቅልል፣ የጎድጓዳውን ልስላሴ ጣቱ ያውቀዋል። በዚያ ሌጦ ላይ አንድ ብሎ ጽፏል።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪጨልም ቆየ። እማዋይሽ ስትመለስ ራሴን አመመኝ አላት።

በማግሥቱ ከናቴራው ላይ ሁለት ቁጥር ነበር።

ከሥራ አስፈቅዶ ጤና ጣቢያ ሄደና አሮጌው ኪኒን እንዲመለስለት ለመነ። ሲስተር ዘርትሁን ካርዱን ገልጣ አየች፤ እጁን አየች፤ አዲሱ ተስማምቶት ሳለ ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቀችው። ሽፍታው ይሻለኝ ነበር አላት።

«አቶ አብተው» አለች በጨዋ ሳቅ፣ «ሽፍታዬን መልሱልኝ የሚል ሰው በሃያ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት። ቆዳዎ እንደ ሕፃን ሆኗል። ይልቅ ያመስግኑ።» ሐኪሙም ተጠርቶ ያንኑ ነገረው፤ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ መመለስ በሽታውን ሊቀሰቅስበት እንደሚችል ጨምሮ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ አየ። ሰዎች ሲያዩት ፊቱን ሳይሆን እጁን የሚያዩ መሰለው። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ክንዷ ክንዱን ሲነካው ደንግጦ ራቀ። በዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል፤ ለምን ቀደም ብሎ እንዳልነገራት ራሱን ወቀሰ።

ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ከመዘፍዘፊያው ክፍል በትንሽ ብልቃጥ አሲድ ቀድቶ በካልሲ ጠቀለለና በኪሱ ይዞ ወጣ። ጉደታ አይቶታል። በሩ ላይ ሲለያዩ ትከሻውን መታ አደረገው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎት አያውቅም።

እሑድ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም ነበር። ግቢው ጭር ብሏል፤ ፋብሪካው እሑድ ስለማይሠራ በርሜሎቹ እንኳ ቆመዋል። አብተው ሌሎቹ ድምፆች ሁሉ ሲጠፉ ጆሮው ውስጥ ያን ዱብታ መስማቱን አላቆመም ነበር፤ አሁን ግን እርሱም ዝም ብሏል። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለእማዋይሽ ሁሉንም ነገራት። ስለ ከናቴራዎቹ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ሌጦው፣ ስለ ጉደታ ክንድ። እብድ ትለኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አላለችውም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ አንድ ጊዜም አላቋረጠችውም፣ አንድ ጥያቄም አልጠየቀችውም። ፊቷ ላይ ያየው ርኅራኄ ብቻ ነበር።

ክንዱንና ሆዱን ራሱ እንደሚችለው፣ ጀርባው ላይ ግን እጁ እንደማይደርስ ነገራት። ጥቂት ጠብታ ብቻ፣ እዚህም እዚያም። ያማል፣ ግን ይድናል፤ ጠባሳው ይቀራል። እርሱም ይቀራል።

«ለማንም ተናግረሃል?» አለችው።

ከጉደታ በቀር ለማንም አልተናገረም።

«ይሁን። ና ወደ ብርሃኑ።»

በርጩማውን በሩ አጠገብ አስቀመጠች። አብተው ሸሚዙንና ከናቴራውን አውልቆ፣ ጀርባውን ለበሩ ፊቱን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። አየሩ ቆዳው ላይ ቀዝቃዛ ነበር፤ እየጠራ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ሁሉ ነገር ይሰማዋል፤ የነፋሱ ለውጥ፣ የፀሐይዋ ጠርዝ፣ ከኋላው ያለችው ሚስቱ ትንፋሽ። የብልቃጡ ክዳን ሲፈታ ሰማ። ከዚያ ጎምዛዛውና ስለታሙ ጠረን አፍንጫውን ነካው፤ የሥራ ቦታው ጠረን ቤቱ ውስጥ። ጥርሱን ነከሰ። መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ አላት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጨበጠና ቃጠሎውን ጠበቀ።

መዳፏ አንገቱ ሥር አረፈ። ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ መዳፍ ነው። በዝግታ ወደ ታች ወረደ፤ ትከሻውን፣ የጀርባ አጥንቱን ግራና ቀኝ፣ ወገቡን፣ ሳይቸኩል፣ አንድም ቦታ ሳይዘልል። ጎኑን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀችው። የምታንጠባጥብበትን ቦታ እየመረጠች ነው ብሎ አሰበ። አይዞሽ አላት፤ የፈራች መስሎት። ከውጭ በኩል ጠጠር ላይ የሚራመዱ ሰዎች ኮቴ ተሰማ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረቤቶች ይሆናሉ ብሎ ገመተ። ኮቴው ግን አላለፈም፤ እንደ ፋብሪካው ቦት ጫማ የከበደ ነበር።

ከፊቱ ያለው ግድግዳ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ጨለመ። የብልቃጡ ክዳን መልሶ ሲከደን ሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠበቅ ተደርጎ። ሊዞር ሲል የእማዋይሽ ሌላኛው እጅ ትከሻውን ያዘው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ቫዝሊን በቀባበት በዚያው የዋህነት።

«ምንም የለበትም፣ ግቡ» አለች ዓይኗን ከጀርባው ሳታነሳ፣ በሩ ላይ ለቆሙት።